የሙሐረቅ ሆደ ባሻ

ለላም እበት አለን፣ ለዶሮም ኩስ አለን፣
ለአህያ ፋንድያ፣ ለፍየል በጠጥ አለን፤
ጥንቸል ላይ ሲደርስ ግን ቋንቋችን ዝም አለ፣
«ሽምብራ» አልኩት እኔ፣ ሌላ ስም ስለሌለ።

ማለዳ ማለዳ ሣጥኗን ስጠርግ፣
ሽምብራ ቆጥሬ ጤናዋን ስፈልግ፣
መቶ ከሆነ ሰላም፣ ሁለት መቶ ደስታ፣
ሲያንስ ሥጋት አለ፣ ሲቀር ነው በሽታ።

ቁጥን ይሏታል እነሱ፤ እኔ ጥጤ እላታለሁ፣
ማንም በሌለበት በአማርኛ አዋራታለሁ።
ሆደ ባሻ ናት ጥጤ።
እኛን ሆድ የሚብሰን በሰው ክፉ ቃል ነው፣ ወይ ስልክ ሳይነሣ ሲቀር፤
እሷን ግን በካሮት፣ በሙዝ፣ በጣት ስኳር።

ትናንት ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት፣ ሣጥኑ ባዶ።
ድርቆሹ እንዳስቀመጥኩት።
ውኃው እንዳስቀመጥኩት።
ጥግ ይዛ፣ እንደ ድቡልቡል ዳቦ ተሰብስባ፣ ጥርሷን ታፋጫለች፤
ጩኸት አልተሰጣትም፣ ሕመሟን በጥርሷ ታወራለች።

ሂሳን ቀሰቀስኳት። ስምንት ዓመቷ ነው።
«ምን ሰጠሻት?» ስላት እጇን ከኋላዋ ደበቀችው፤
ከፒጃማዋ ኪስ የማዕሙል ፍርፋሪ።
«ለማማ፣ በአላህ፣ እንዳትናገሪ።»

እሺ፣ ሆድ ይፍጀው አልኳት።
የኔ ሆድ ይፈጀዋል፤ በአራት ዓመት ስንቱን ፈጅቶት የለ!
የጥጤ ሆድ ግን ማዕሙሉን መች ይፈጀዋል?
ማስታወክም አታውቅ። የገባው ካልወረደ፣ እዚያው ይቆያል።

ዶክተር ዐፋፍ በስልክ፣ እንቅልፍ በያዘው ድምፅ፦
«ሆዷን ዳስሺው። እንደ ከበሮ ነው፣ ወይስ እንደ ሊጥ?»
«እንደ ሊጥ።»
«ከበሮ ቢሆን አሁኑኑ ይዘሻት ና ባልኩሽ። አሙቂያት። እሺ?
በግድ አታጉርሻት። በሬን ስከፍት ከደጄ ድረሺ።»

አሙቂያት!
ውጭው ነሐሴ ነው፣ ባሕሩ እንኳ ያልበዋል፤
ቤቱ ውስጥ ግን ኤሲው ጋቢ ያስለብሳል።
ሪሞቱን አነሣሁ። የኔ ያልሆነውን።
ድምፁ ጠፋ። ቤቱ እንደ ሰው ተነፈሰ።

በጠርሙስ ሙቅ ውኃ፣ በፎጣ ጠቅልዬ፣
ከጎኗ አስጠግቼ፣ «አይዞሽ ጥጤ» ብዬ፣
በሁለት ጣት ብቻ፣ ቅንድብ እንደሚዳስስ፣
በክብ፣ ወደ ኋላ፣ ቀስ፣ ደግሞም ቀስ።

በኛ ሀገር ጥንቸል አይበላም፤ ሰኮናዋ አልተሰነጠቀ።
እናቴ ብታየኝ፣ እጄን ሰባት ጊዜ ታሳጥበኝ ነበር።
ይኸው ግን ጆሮዬን ሆዷ ላይ ጥዬ
እንደ ሌባ አዳምጣለሁ።
ደህና ሆድ ያጉረመርማል፤ የሷ ዝም።
ደግሞ ድንገት ጉርርር!
ሂሳ ዘለለች፦ «ሰማሁት! ሰማሁት!»
የኔ ነበር።
ፍልሰታ ነው፣ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም።
አልነገርኳትም። ደስ ብሏት ነበርና።

ሁለታችን ፆመኛ፣ አንዷ በፈቃዷ፣
አንዷ ያላሰበችው፣ የታሰረ ሆዷ።

አዛን ሲል አንዲት ሽምብራ።
ትንሽ ናት፣ ደረቅ፣ ጫፏ እንደ መርፌ የሾለ።
ሂሳ «ዋሕድ» አለች። እኔ «አንድ» አልኩ።
ከዚያ ረጅም ዝምታ።
ከዚያ ሁለት። ከዚያ፣ ፀሐይ መስኮቱን ስትነካው፣
ተያይዘው የመጡ ስምንት።
አስራ አንድ! ሕፃኗ እጆቿን አንሥታ ጣት አነሳት፣
የኔን አንድ ጣት አበደርኳት።

ጥጤም አንዲት የድርቆሽ ዘለላ ሳበች፤
እየቆረጠመች ወደ ውስጥ አስገባቻት፣
እንደ ጸሐፊ ረጅም ዐረፍተ ነገር።
ሐኪም ዘንድ መሄዱ አይቀርም፤ ቅርጫቷን አዘጋጀሁ።

እመቤቲቱ ወረደች፣ ግንባሯ በላብ ወዝቶ።
«ኤሲውን ማን አጠፋው?»
ሂሳ እኔን አየችኝ። እኔ ሂሳን።
ጥጤ ታኝካለች።